የቀይ ውሃ ሞዴል ድልድይ

ድልድዩ ተሠርቶ ማለቁን ቢምረው የሰማው ከራዲዮ ነው። ጢሙን እየተላጨ ነበር። ግራ ጉንጩ ጠድቷል፤ ቀኙ ላይ ሳሙናው ገና አልተነካም።

«በዋግ አካባቢ በቀይ ውሃ ወንዝ ላይ ሞዴል የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶ ለአገልግሎት መብቃቱ ተገለጸ» አለ ራዲዮው። «ድልድዩ ነዋሪዎች በክረምት ወራት ሲደርስባቸው የኖረውን እንግልት ያስቀረ መሆኑ ታውቋል።»

ምላጩን አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው። ቀጥሎ የመጣው የገዛ ድምፁ ነበር። ራዲዮ ውስጥ ሲገባ ቀጥኗል፤ የሌላ ሰው ይመስላል። «ሞዴል ድልድይ ሠርተናል» ይላል። «በቀይ ውሃ ላይ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ጥሩሐረግ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የቀሚሷ ጫፍ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀይ ውሃን ተሻግራ መምጣቷ ነው።

«በየት በኩል ነው የሠራኸው?» አለችው። «እኔ እንዳልሻገርበት ሸሽገኸው ነው?»

ቢምረው ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁ እየወረደ ሄዶ ጭራሽ ይጠፋል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ዝም ሲል ሰው መንገድ ይለቅለታል። ሳሙናውን በክንዱ ጠረገ። ሱሪውን ጠቅልሎ ወንዙን ተሻገረና በግማሽ ጢም ሰቆጣ ገባ። ያን ዕለት ከተማው እስኪመሽ ያወራው ስለ ድልድዩ አልነበረም። ስለ ጢሙ ነበር።

ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ነው።

ማዶ ከሰቆጣ ፊት ለፊት፣ ከቀይ ውሃ ወዲያ ያለች መንደር ናት። ሌላ ስም አላት፤ የሚጠራት ግን የለም። የከተማው ሰው ማዶ ይላታል። የማዶ ሰውም በተራው ሰቆጣን ማዶ ይላል። ወንዙ በበጋ ቁርጭምጭሚት አያልፍም። በክረምት፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ፀሐይ እያለ ደራሹ በድንገት ይወርዳል። ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁ ከርቀት ይሰማል። የሰማ ይድናል። መሐል ላይ ያለ ግን ከውሃው ጩኸት የተነሣ አይሰማም።

ቢምረው እዚያ ተወለደ። እናቱ በልጅነቱ ሞታ፣ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ አስቻለች ናት። አንድ የድርቅ ዓመት ላይ ጎረምሳ ሆኖ ከመንደሩ ወጣ። ወልዲያ ድረስ በእግሩ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ድሬዳዋ ገባ። ምድር ባቡር ቀጠረው።

የገባው እንጨት ቤት ነው። የባቡሩ አንድ ብረት ሲሰበር፣ አምሳያው በመጀመሪያ በእንጨት ይሠራል። እንጨቱ በአሸዋ ሣጥን ውስጥ ይቀበራል፣ አሸዋው ይጠቀጠቃል፣ እንጨቱ ይነቀላል። በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ያንን እንጨት እዚያ ቤት ሞዴል ይሉታል። ቢምረው ሃያ ዓመት ያህል ሞዴል ሠራ። ብረቱ ሳይፈስስበት የቀረ ሞዴል አንድም አላየም። ሞዴል አለ ማለት ብረቱ በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቃሉን በዚህ ትርጉም ለመደው፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎም አልጠረጠረ።

በ1984፣ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ አስቻለች «መሬት ሊደለደል ነው፣ ሳትቀደም ና» ብላ ላከችበት። መጣ። እሷ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነበረች፤ ጌሾ እየተከለች ሰቆጣ ገበያ ታወጣለች። ምላሷ ስለት ነው። የመጣ ቀን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ባቡሩ! ፉርጎህን የት ጥለኸው መጣህ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ስትናደድ ወደ ኽምጣንጋ ታዞረዋለች። የመንደሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ በዚያ ቋንቋ ስትሰድብ አማርኛው ምርቃት ይመስል ነበር።

እርሻው ብቻውን አላወጣውም። ሰቆጣ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የመርጃ መሣሪያ ማዕከል ነበረው፤ እንጨት የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበርና ገባ። መቁጠሪያ፣ የእንጨት አጽም፣ ከጭቃና ከወረቀት የተሠራ ካርታ ሠራ። አንድ ዓመት የጂኦግራፊው መምህር ስለ ባቡር ሲያስተምር ተማሪው ሁሉ ባቡርን እንደ አውቶቡስ ቆጥሮ «ረዥም ሎንቺን» ብሎ ጻፈና፣ መምህሩ እየሳቀ መጥቶ ነገረው። ቢምረው አልሳቀም። መምህሩ ልጆቹን ሰደባቸው ብሎ አሰበ። በዚያው ሳምንት ባቡር መሥራት ጀመረ።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ሐዲድ ቆረጠ፣ ከጽድ ፍልጥ የሐዲዱን አግዳሚ ደረደረ። ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አውጥቶ በባትሪ ድንጋይ አስነሣው። ሁለት ጣቢያ፣ አንድ ዋሻ፣ የውሃ ጋን። ጠረጴዛው የማዕከሉን ክፍል ግማሽ ያዘ። ባቡሩ እየጮኸ አንድ ዙር ሲዞር፣ ከገጠር ለስብሰባ የመጡ ሽማግሌዎች በመስኮት ያዩና ያማትቡ ነበር።

ድልድዩን ያመጣው ማዕረግ ነው። ማዕረግ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ማዕከሉን ይመራ ነበር፤ በኋላ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ተዛወረና የሪፖርት ሰው ሆነ። ክፉ አልነበረም። ሰው ሲሞትበት ይመጣል፣ ሰው ሲወልድ ይጠይቃል። ነገር ግን የሚያየውን ሁሉ ሲያይ የሚያየው በሪፖርት እንዴት እንደሚባል ነው።

«ጋሽ ቢምረው» አለው አንድ ቀን፣ ጠረጴዛውን እየዞረ፣ «ባቡሩ ግሩም ነው። ግን የኛ ነገር የለበትም። ለትምህርት ቀን እንግዶች ይመጣሉ። የአካባቢያችንን ችግር ይጨምሩበት።»

«የቱን ችግር?»

«እርስዎ ያውቃሉ። ወንዙን ለምሳሌ። ወንዙን ሠርተው ድልድይ ቢያደርጉበት፣ የላይ ሰዎች አይተው ይሰጡናል። ለሦስት ወንዞች የድልድይ ብረት ይመጣል እየተባለ ነው።»

ቢምረው ሌላ ማሳመኛ አላስፈለገውም። የጠረጴዛውን ዳር ቆርጦ ቀይ ውሃን አወረደበት። ወዲያ ማዶን ሠራ፦ የድንጋይ ቤቶቹን፣ የአስቻለችን የጌሾ ጓሮ፣ የተንጋደደውን ዋርካ ሳይቀር። ሐዲዱ በወንዙ ዳር ያልፋል፤ ድልድዩ ከሐዲዱም ከወንዙም በላይ ተንጠልጥሎ ሰውን ከማዶ ወደ ጣቢያው እንዲያደርስ አሰበ።

የመጀመሪያው ድልድይ ደረጃ ነበረው። በባቡር ጣቢያ ያየው የእግረኛ መሸጋገሪያ ሁሉ ደረጃ ነበረውና እጁ በልማድ ደረጃ ሠራ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየው። አማረለት። ከዚያ የማዶ ሰው በአህያ እንደሚጭን ትዝ አለው። አህያ በደረጃ አትወጣም። የማዶ ልጅ ሆኖ የከተማ ሰው ድልድይ ሠራ! በገዛ እጁ ተናዶ ድልድዩን ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

ሁለተኛውን ያለ ደረጃ፣ በሁለቱም ጫፍ ተዳፋት አድርጎ ሠራው። የጎንና የጎኑን ተሸካሚ ከአሮጌ ብስክሌት ራጂ፣ ከጎማው ሽቦ፣ አጣምሮ በቀለጠ እርሳስ አያያዘ። ወለሉን ከሽመል ሰነጠቀ። ሽመሎቹን አንድ በአንድ አለሰለሰ፣ አንዱን ከአንዱ አስጠግቶ በክር አሰረ፤ የአህያ ኮቴ እንዳይገባበት ክፍተት አልተወም። መያዣውን ሁለት ጊዜ ቀየረው። መጀመሪያ ዝቅ አለ፣ ቀጥሎ ከፍ አለ። በመጨረሻ ጀርባዋ ላይ ሸክም ያላት ሴት ጎንበስ ብላ እጇን ስትሰድ የሚደርስበት ቦታ ላይ አቆመው። ሴትዮዋንም ከጭቃ ሠራትና መሐል ድልድዩ ላይ አስቀመጣት።

በትምህርት ቀን አስቻለች መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ጠረጴዛውን ለረዥም ጊዜ አየች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ልትሆኚ ትችያለሽ፣ እታለም።»

«ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል?» በጣቷ ድልድዩን ነካ አደረገች። «ለመሆኑ ይኼ ለማን እግር ነው? ለአይጥ ነው?»

«ሞዴል ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ነው፣ ብረቱ ይከተላል።»

«ይከተል፣ ይከተል። እስኪከተል እኔ ቀሚሴን እየሰበሰብሁ ልሻገር።»

ከእንግዶቹ ጋር አንድ የራዲዮ ሰው ነበር። ሰዓቱ ደርሶበት ይቸኩላል። መቅጃውን ቢምረው አፍ ላይ ደቅኖ «ምን ሠራችሁ?» አለው። የጂኦግራፊው መምህር ከጀርባ «ማሳያ በለው፣ ቢምረው፣ ማሳያ» ብሎ አንሾካሾከ። ቢምረው ማሳያ የሚለውን ቃል አልወደደውም፤ የልጅ ነገር መሰለው። በዕድሜው ሙሉ የሠራው ሥራ ስም አለው። ደረቱን ነፍቶ «ሞዴል» አለ።

በዚያ ዘመን ሞዴል ያልተባለ ነገር አልነበረም። ሞዴል አርሶ አደር፣ ሞዴል ቤተሰብ፣ ሞዴል ሽንት ቤት ነበር። ሞዴል ማለት የተመሰገነ፣ ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ማለት ሆኗል። ቢምረው ስብሰባ ስለማይወድ ይህን አልሰማም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ራዲዮው ተናገረ፤ ቢምረውም በግማሽ ጢም ማዕረግ ቢሮ ውስጥ ቆመ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ቢምረው። ምን ሆነው ነው... ጢምዎ?»

«ድልድዩ የት ነው?»

«የትኛው?»

«ራዲዮው የመረቀው።»

ማዕረግ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰማሁት። እኔም ደንግጫለሁ። ግን የተናገሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ።»

«ሞዴል ነው ያልሁት።»

«አዎ፣ ሞዴል። ራዲዮውም ሞዴል ነው ያለው። በሪፖርትም ሞዴል ድልድይ ተብሎ ነው ወደ ላይ ያለፈው።»

«አንተ ታውቅ የለም ወይ? ጠረጴዛው አጠገብ ቆመህ አይተኸው የለም?»

ማዕረግ በሩን ሄዶ ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የጻፍሁት ሞዴል ተሠራ ብዬ ነው፤ ውሸት የለበትም። የበላዮቹ ሲደምሩት ከተሠሩት ድልድዮች ጋር ደመሩት። ከዚያ ተመሰገንን። አሁን የለም ብንል ዋሽታችሁ ነው የተመሰገናችሁት ይሉናል። እኛንም፣ እርስዎንም።»

«ብረቱስ?»

ማዕረግ ወደ መስኮቱ አየ።

«ለሦስት ወንዝ የሚመጣው ብረትስ?»

«ለሌላ ቦታ ተሰጠ። የናንተ ተሠርቷል ተባለ። በሂደት ይስተካከላል፣ ጋሽ ቢምረው። ትንሽ ይታገሡን።»

ቢምረው ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ወርዶ፣ «ሰኔ ሲገባ ውሃው ይታገሣል?» አለ። ማዕረግ አልሰማውም፤ «አቤት?» አለው። አልደገመለትም።

ከዚያ ወዲያ ያልሄደበት ቢሮ የለም። አንዱ ጋ ሲደርስ «እናንተማ ደልቷችኋል» ይለዋል። ሌላው ጋ ሲደርስ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን ጨበጠውና «ሕዝቡ እንደ እርስዎ ራሱን ቢረዳ የት በደረስን» አለው። ድልድይ የለም ብሎ ሲምል፣ «ተሰበረ እንዴ?» ይሉታል። «አልተሰበረም። አልተሠራም» ይላል። «በራዲዮ ሰምተናል እኮ» ይላሉ። የሠራው ሰው መጥቶ አልሠራሁም ቢል፣ የሚያምኑት በራዲዮ ሠራሁ ያለውን ነው።

መንደሩ ደግሞ ከቢሮው ባሰ። ጎረቤቱ ቅጣው ቀልድ የሚወድ፣ ቀልዱም የሚያቆስል ሰው ነው። ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ቢምረው ሱሪውን ሲጠቀልል ይጠብቀዋል።

«አያ ቢምረው! ድልድዩን ትተህ በውሃ?»

«ተወኝ፣ ቅጣው።»

«ወይስ ድልድዩ ለመሐንዲሱ አይፈቀድም?»

ሰው ይስቃል። ቆይቶ ሳቁ መረረ። ብረቱ ለሌላ መንደር መሄዱ ሲሰማ፣ ቢምረው ስሙ በራዲዮ እንዲጠራ ብሎ የመንደሩን ድልድይ ሸጠው ተባለ። ልጆች ባዶ ነገር ሲሰጣጡ «እንካ፣ የቢምረው ድልድይ» መባባል ጀመሩ። አንድ ቀን የደብሩ ማኅበር ላይ ዋንጫው አልፎት ሄደ። ጥሩሐረግ ስትሰማ ማኅበርተኞቹን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ተሳደበች። ማታ ደግሞ ወደ እሱ ዞረች፦ «ማሳያ ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? አንዲት ቃል! ኩራትህ ነው፣ ኩራትህ!»

እውነቷን ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው።

አስቻለች ብቻ አልወቀሰችውም። «ይዋሹ» አለችው። «እኔ ወንዙን ከነሱ በፊት አውቀዋለሁ።»

በነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ጌሾዋን ሽጣ ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከሌሎች ሴቶች ጋር ዳር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ውሃው እየጎደለ ሄዶ ወገብ ደረሰ። ሴቶቹ እንጠብቅ አሉ። እሷ ያሰረቻት ፍየል እቤት አለች፤ በትሯን ይዛ ገባች። ደጋው ላይ እየዘነበ ነበር። ሴቶቹ ድምፁን ሰምተው ጮኹላት። መሐል ላይ ነበረችና አልሰማችም።

የተገኘችው ከታች፣ በሰቆጣ በኩል፣ ድንጋይ መሐል ነው። ወንዙ ለቀናት አልጎድል ስላለ ወደ መንደሯ ሊወስዷት አልተቻለም። በዚሁ በኩል ተቀበረች። ማዶ ያለው ዘመድ መሻገር አልቻለም፤ ከወዲያኛው ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። ጥሩሐረግ ከወዲያ ነበረች። ቢምረው ከወዲህ። አልቃሿ ከማዶ ስትገጥም ውሃው ግማሹን ይወስደዋል፤ ከወዲህ ያሉት የሚደርሳቸውን ያህል ተቀብለው ያለቅሳሉ።

በሰቆጣ በኩል ለቅሶ ወደተቀመጡበት ቤት ማዕረግ መጣ። ከላይ ለጉብኝት የመጣ አንድ እንግዳ አስከትሏል። እንግዳው ጨዋ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ፣ መደብ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት መሆኑን አየና፣ ሐዘንተኛውን ሊያጫውት ብሎ ጠየቀ፦

«ዘመድ የላትም እንዴ?»

«አላት። ማዶ ነው» አለው ቢምረው።

«ታዲያ ለምን አይመጡም?» ከዚያ ነገሩ ገርሞት፣ በእውነት ገርሞት፣ «እሷስ ብትሆን ድልድዩን ትታ ምን አስገባት?» አለ።

ማዕረግ መሬት መሬት አየ።

ቢምረው ተነሣ። «ተነሥ» አለው እንግዳውን። አንቱ ማለት ቀርቷል።

«ወዴት?»

«ጫማህን አውልቅ። ድልድዩን ላሳይህ ነው።»

ማዕረግ «ጋሽ ቢምረው፣ እባክዎን፣ ሐዘን ላይ ነን» ብሎ ክንዱን ያዘው። ቢምረው የማዕረግን እጅ ጣት በጣት አላቀቀው። እንግዳውን እጁን ይዞ፣ ጎትቶ ማለት ይቻላል፣ በጭቃው ቁልቁል አወረደው። ቀይ ውሃ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ እያንሳፈፈ ይጋልባል። ወዲያ ዳር መንደሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ቅጣው ከወዲያ ተነሥቶ ቆመ። ኮፍያ የያዘ ሰው አይቶ ባለሥልጣን መሆኑ ገባው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ኧረ በድልድዩ ይሻገሩ፣ ጌታዬ! አይፍሩ!»

ማንም አልሳቀም። ቅጣውም አልሳቀም፤ ያለቅስ ነበር።

እንግዳው ወንዙን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ካልሲው ጭቃ ሆኗል። በመጨረሻ ወደ ማዕረግ ዞሮ፣ «ይኼ ነገር መስተካከል አለበት» አለ። ቢምረው ያችን ቃል ያዛት። ይስተካከላል ማለት ውሸቱ ይነሣል ማለት መሰለው።

አልነበረም። ወረቀቱ ወንዙን እንዲመስል አላደረጉትም፤ ወንዙ ወረቀቱን እንዲመስል አደረጉት። በ1998 በጋ ሲሚንቶና የብረት ገመድ በጭነት መኪና መጣ። ሠራተኞች መጡ፣ የማዶ ሰው ድንጋይ አቀረበ፣ ግንቦት ላይ ድልድዩ ተንጠለጠለ። ጥሩ ድልድይ ነው። አህያ ይሻገርበታል። ምረቃ ግን አልነበረም፤ አንዴ የተመረቀ ነገር ሁለት ጊዜ አይመረቅም። ሪባን የቆረጠ የለም፣ ራዲዮም አልመጣም። በሰቆጣ በኩል ካለው ምሰሶ ላይ ብቻ በእርጥብ ሲሚንቶ ጽፈውበታል፦ «የቀይ ውሃ ሞዴል ድልድይ። ሚያዝያ 1996 ዓ.ም.»

ቢምረው በገበያ ቀን መጥቶ አነበበው። መልሶ አነበበው። ማዕረግ እዚያው ነበር፤ ሰው ሲሻገር ሊያይ መጥቶ ደስ ብሎታል።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሽ ቢምረው! ይኸው፣ ተሠራ!»

«ቀኑ ምንድን ነው?»

«እ... እሱ እንኳን በሪፖርቱ መሠረት ነው።»

«እኅቴ በነሐሴ ነው የሞተችው።»

«አውቃለሁ። ነፍስ ይማር።»

«በነሐሴ 1996። አንተ ደግሞ ድልድዩን በሚያዝያ አቆምኸው። ልጅ አድጎ ይህን ቢያነብ፣ ድልድይ ከራሷ በላይ ተዘርግቶላት ውሃ የገባች እብድ ናት ይላታል።»

«ጋሽ ቢምረው፣ ማን ያነበዋል? ዋናው ድልድዩ አይደለም ወይ? አሁን ቀን ምን ያደርግልዎታል?»

ቢምረው ድምፁ ጠፋ። ሠራተኞቹ የረሱት መዶሻ ከአሸዋው ክምር ላይ ወድቆ ነበር። አነሣውና ምሰሶውን መታ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሲሚንቶው አቧራ ተፋ።

ከገበያ የሚመለሰው ሰው ጮኸ። «ድልድዩን ሊያፈርስ ነው!» አህያ የሚነዳው አህያውን ትቶ ሮጠ። ቅጣው ከኋላ መጥቶ ወገቡን ጠምጥሞ ያዘው፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች እጁን ጠመዘዙት። መዶሻው ወደቀ።

«አብደሃል?» አለው ቅጣው ጆሮው ላይ። «ያነሡብናል! ነቅለው ይወስዱብናል! በስንት መከራ ያገኘነውን!»

«ድልድዩን አልነካሁም። ቀኑን ነው።»

«ቀኑ ይቅርብህ! ቀን አይሻገሩበት!»

«እሷን አታውቃትም ወይ፣ ቅጣው? ያንን ቀን ከወዲያ ሆነህ አልጮኽህም ወይ?»

ቅጣው አልለቀቀውም። የድልድዩ ጥበቃ የሆነው ሚሊሻ ጠመንጃውን እያስተካከለ ከወዲያኛው ጫፍ መምጣት ጀመረ፤ ድልድዩ እየተወዛወዘበት በፍጥነት መራመድ አልቻለም።

ጥሩሐረግ ከገበያተኛው መሐል ወጣች። ጨው የቋጠረችበትን መሬት አስቀመጠች። መዶሻውን አነሣችና ምሰሶው ፊት ቆመች። ፊደል አታውቅም። ጽሕፈቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ ባሏን ሦስት ወንድ ይዞት እንደቆመ ዞራ አየችው።

«የትኛው ነው የሚዋሽባት?»

«የመጨረሻው» አላት። «ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደዚህ።»

ማዕረግ «እማማ፣ ተይ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» አለ። እሷ መታች። ፊደል ከቁጥር ስለማትለይ፣ መጀመሪያ የወደቀው «ዓ.ም.» የሚለው ነው። ከዚያ ስድስቱ። ከዚያ ዘጠኙ። ሚሊሻው ደረሰና ቆመ፤ ሴቲቱን ቢይዛት ምን አጠፋች ብሎ እንደሚያስረዳ ግራ ገባው። ቅጣው የቢምረውን ወገብ ሳይለቅ፣ «በቃ፣ እኅቴ፣ ጠፍቷል፣ በቃሽ» አላት።

አልበቃትም። ዓመቱ ጭራሽ እስኪጠፋ መታች። መዶሻውን አሸዋው ላይ ወርውራ የቋጠረችውን ጨው አነሣች፣ በድልድዩ ተሻገረች።

ቢምረውን አስረው አዋሉት፤ እሷን የጠየቃት የለም። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ልኮ ዓመቱን አስጻፈው። ሳምንት ሳይሞላ ተፈልፍሎ ተገኘ፤ ማን እንደፈለፈለው የማዶ ሰው ሲጠየቅ ቅጣው ቀድሞ ወጥቶ «ፍየል ልሳው ይሆናል» አለ። ሌላ ሲሚንቶ አልመጣም። ምሰሶው ላይ አሁን ከቀኑ የሚነበበው ሚያዝያ የሚለው ብቻ ነው፤ ከሱ በኋላ ክንድ የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ።